መረብ የዱር እንስሳን ሲነካ፦ ለሐይቅና ለግድብ የዓሣ ሀብት ታዛቢዎች የተዘጋጀ የአመዘጋገብ መመሪያ

የዓሣ ሀብት ታዛቢ የሚባለው በማስገሪያ ጀልባ ላይ ወይም በማራገፊያ ቦታ ተገኝቶ ምን ያህል መረብ ለስንት ሰዓት በውሃ ውስጥ እንደቆየ፣ ምን ዓሣ እንደተያዘ፣ ከሚፈለገው ዓሣ በቀር ምን ሌላ ፍጥረት እንደገባበት በተወሰነ ቅጽ የሚመዘግብ ሰው ነው። ታዛቢ አያሰግርም፣ አይቆጣጠርም፣ አይቀጣም፤ ሥራው ያየውን ባየው ልክ ጽፎ ማስረከብ ነው። ሙያው በስፋት የሚታወቀው በውቅያኖስ ላይ ነው። በምዕራብና መካከለኛው ፓስፊክ ሞቃታማ ክፍል ቱና የሚያሰግሩ ትልልቅ ባለ ከበባ መረብ መርከቦች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ በየጉዞው ታዛቢ እንዲይዙ ተደንግጓል፤ የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽንም አባል አገሮች ከማስገር ሥራቸው ቢያንስ 5 በመቶውን በታዛቢ እንዲያስመዘግቡ ይጠይቃል። እነዚህ ታዛቢዎች ከዓሣው ቁጥር ባልተናነሰ ጥንቃቄ የሚጽፉት የባሕር ኤሊ፣ ዶልፊን፣ ዓሣ ነባሪ ወይም አልባትሮስ የተባለው ግዙፍ የባሕር ወፍ ከመርከቡ ወይም ከመረቡ ጋር የተገናኘበትን አጋጣሚ ነው።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ መረብ በተዘረጋበት ውሃ ሁሉ መረቡ ያልታሰበለት እንስሳ ስለሚኖር፣ በባሕር ላይ የተፈተነው የአመዘጋገብ ሥርዓት ጥቂት ማስተካከያ ብቻ ተደርጎለት ለሐይቅና ለግድብ ያገለግላል። ከሆሳዕና፣ ከሀቢቾ ወይም ከዱራሜ ተነሥቶ ወደ ውሃ ዳር የሚወርድ ባለሙያ በአንድ በኩል በሻሾጎ ወረዳ የሚገኘውን የቦዮን ሐይቅና በዙሪያው ያለውን ረግረግ፣ በሌላ በኩል በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው በጊቤ 3 ግድብ ጀርባ የተኛውን ረጅም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ያገኛል። የቦዮ ውሃ በብላቴ ወንዝ በኩል ወደ አባያ ይወርዳል፤ ከአባያ በስተደቡብ ደግሞ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የሚያዋስነው የጫሞ ሐይቅ አለ። የጫሞ አስጋሪ ከአዞና ከጉማሬ ጋር ውሃ ስለሚጋራ፣ በዚህ መመሪያ ውስጥ ስለ ትልልቅ እንስሳት የሚነሣው ነገር በአብዛኛው የእርሱን ሁኔታ የተከተለ ነው።

ቦዮ የሚታወቀው በወፎቹ ነው። ረግረጉ ለአዕዋፍ ጥበቃ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ከሚታዩበት ወፎች መካከል በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብለው የተለዩ ሁለት የክሬን ዝርያዎች ይገኙበታል፤ ክሬን ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያለው፣ በረግረግና በሣር ሜዳ የሚመገብ ትልቅ ወፍ ነው። አንደኛው ዝርያ ነጭ አንገትና ከመንቁሩ ሥር ወደ ታች የተንጠለጠሉ ሁለት ሥጋማ እጥፋቶች ያሉት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የሚኖረው መንጋ በደቡባዊ አፍሪካ ካሉት ዘመዶቹ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተነጥሎ የሚኖር ነው። ሁለተኛው ጥቁር አካልና በራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያለው ሲሆን፣ ጉንጩ ከላይ ነጭ ከታች ቀይ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ የተነጠለ መንጋ የሚሞት እያንዳንዱ ወፍ ከሌላ አገር በሚመጣ ወፍ አይተካም፤ ስለዚህ የአንድ ክሬን እግር በተጣለ የመረብ ክር መጠለፉ ተራ ነገር ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም።

በኢትዮጵያ ሕግ የዱር እንስሳት ጥበቃና አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 541/1999፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 ተደንግጓል። ሁለቱ አዋጆች በአንድ መረብ ላይ የሚገናኙበት ጊዜ አለ፤ ታዛቢው የሚቆመውም በዚሁ መገናኛ ላይ ነው። አገሪቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት አባል ናት፤ አዞና ጉማሬም በዚህ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ቆዳቸውና ጥርሳቸው ከአገር የሚወጣው በፈቃድ ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው የሥራ ደንብ አጭር ነው፤ ታዛቢው ከሞተ እንስሳ ላይ ላባ፣ ጥርስ፣ ቆዳም ሆነ እንቁላል ለናሙና ብሎ እንኳ አይውሰድ፤ ፎቶና ጽሑፍ ይበቃዋል።

ንክኪ የሚባለው ምን እንደሆነ

በዚህ ሥራ ንክኪ ማለት ጥበቃ የሚደረግለት እንስሳ ከጀልባው ወይም ከማስገሪያ መሣሪያው ጋር በማንኛውም መልኩ መገናኘቱ ወይም በአቅራቢያቸው መታየቱ ነው። እንስሳው መጎዳቱ ግዴታ አይደለም። የባሕር ታዛቢዎች ንክኪን በሦስት ደረጃ ይለዩታል፤ ይህን ክፍፍል እንዳለ መውሰድ ይጠቅማል። የመጀመሪያው እንስሳው ከመረቡ ወይም ከመንጠቆው ጋር ጀልባው ላይ ሲወጣ ነው። ሁለተኛው ጀልባ ላይ ሳይወጣ መሣሪያውን ወይም ጀልባውን ሲነካ ነው፤ ለምሳሌ ጉማሬ ጀልባን ከሥር ሲገፋ፣ አዞ ከመረብ ላይ ዓሣ ሲነጥቅ፣ ወፍ ተጠልፎ ራሱን ሲያስለቅቅ። ሦስተኛው በአቅራቢያው መታየት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ምንም ስላልሆነ ምን ይጻፋል የሚል አስተሳሰብ ስላለ ነው። ነገር ግን ሃምሳ ክሬን በቆመበት ዳርቻ አንድም ሳይጠለፍ መረብ መዘርጋቱና ክሬን በሌለበት ዳርቻ አንድም ሳይጠለፍ መዘርጋቱ እኩል መረጃ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ስለ መረቡ ዓይነትና ስለ ቦታው የሚናገረው ነገር አለ፣ ሁለተኛው ግን የለውም። ስለዚህ ታዛቢው ከመሣሪያው አካባቢ ያያቸውን እንስሳት በዝርያ፣ በግምታዊ ቁጥርና በግምታዊ ርቀት ይጻፍ።

ከመነሣት በፊት

የሚያዘው ዕቃ ጥቂት ነው፦ በጠንካራ ሽፋን የተጠረዘ ደብተር ወይም የታተመ ቅጽ፣ ሁለት እርሳስ፣ ውሃ የማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት፣ የሴንቲ ሜትር ምልክት ያለው ማስመሪያና ሜትር፣ ካሜራና የቦታ ጠቋሚ ያለው ስልክ፣ መቀስ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ከተገኘም የርቀት መነፅር። እርሳስ የተመረጠው የእስክሪብቶ ቀለም በውሃ ስለሚፈስ ነው። እርሳስ ግን ላጲስ ይዞ ለመሄድ ምክንያት አይሆንም፤ የተሳሳተ ጽሑፍ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍ፣ የሰረዘውም ሰው አጭር ፊርማውን ያኑር። የተፋቀ ቁጥር ያለበት ቅጽ ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያነበው ሰው አያምነውም።

ጀልባው ከመነሣቱ በፊት የማስገር ጥረት ይመዝገብ። የማስገር ጥረት ማለት ዓሣ ለመያዝ የዋለው መሣሪያና ጊዜ ሲሆን፣ እርሱ ካልታወቀ፣ በኋላ የሚቆጠሩት እንስሳት ቁጥር ብቻውን ትርጉም አይኖረውም። መሣሪያው በውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ተዘርግቶ ዓሣን ጉንጩ ላይ የሚይዝ መረብ፣ ከዳር የሚጎተት መረብ ወይም አምባዛ የሚያዝበት ባለ ብዙ መንጠቆ ገመድ ሊሆን ይችላል። መረብ ከሆነ ርዝመቱ፣ ቁመቱ፣ የክሩ ዓይነትና የዓይኑ ስፋት ይጻፍ። የክሩ ዓይነት በተለይ ትኩረት ይሻል፤ ሞኖፊላመንት የሚባለው ከአንድ ነጠላ የፕላስቲክ ክር የሚሠራው መረብ በውሃ ውስጥ ስለማይታይ ወፍም ዓሣም ሳያዩት ይገቡበታል፣ ሲቀደድም ከውሃ ዳር ይጣላል እንጂ አይበሰብስም።

የመረብ ዓይን አለካክ ላይ የሚፈጸም አንድ ስሕተት መላውን መዝገብ ያበላሻል። የዓይን ስፋት የሚለካው መረቡ ረጥቦ፣ አንዱን ዓይን በሁለት ተቃራኒ ቋጠሮዎቹ ይዞ እስኪወጠር በመሳብ፣ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ያለውን ርቀት በመውሰድ ነው። አንዳንድ ሰው የዓይኑን አንድ ጎን ብቻ ይለካል፤ ጎኑ የተወጠረው ዓይን ግማሽ በመሆኑ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነው መረብ 4 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ይጻፋል፣ ሕጋዊው መረብም ሕገ ወጥ መስሎ ይታያል። ታዛቢው ከመረቡ የተለያየ ክፍል አሥር ዓይኖች ለክቶ ድምሩን ለአሥር ያካፍል፤ የተለካውም ተወጥሮ መሆኑን በቅጹ ላይ በቃል ይጻፍ።

ሰዓት፣ ቀንና ቦታ

በባሕር ታዛቢዎች መመሪያ ውስጥ የሌለ፣ በኢትዮጵያ ግን ከሁሉ የበለጠ ስሕተት የሚያስከትል ነገር የሰዓት አጻጻፍ ነው። አስጋሪው ሰዓቱን የሚናገረው በአገሩ አቆጣጠር ነው፤ ስልኩ ግን በፎቶው ላይ የሚያትመው ብዙውን ጊዜ የፈረንጁን ሰዓት ነው። ከምሽቱ 11፡30 የተጣለና ንጋት 12፡30 ላይ የወጣ መረብ 13 ሰዓት ቆይቷል። ታዛቢው የመጣያውን ሰዓት ከአስጋሪው ሰምቶ 11፡30፣ የማውጫውን ሰዓት ከስልኩ አይቶ 06፡30 ብሎ ከጻፈ፣ የሚያሰላው ሰው እንደ አነባበቡ 7 ወይም 19 ሰዓት ያገኛል፤ ሁለቱም ውሸት ናቸው። ስለዚህ በአንድ ቅጽ ላይ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ሰዓት ጎንም ንጋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለው ቃል ይጻፍ።

የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። በአገሩ ልማድ ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት የሚባለው ጊዜ በስልኩ ላይ ማክሰኞ ነው፤ መረብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን የሚያድር በመሆኑ ይህ ልዩነት በየጉዞው ይገጥማል። የሚሻለው መረቡ የተጣለበትንና የወጣበትን ቀን ለየብቻ መጻፍ ነው። ወርሃዊ ድምር የሚሠራ ሰውም ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ይደምራት ወይስ ለብቻዋ ያቆማት በመጀመሪያው ዓመት ይወስን፣ ውሳኔውንም በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍር። ካልሆነ የአንዱ ዓመት ነሐሴ 30 ቀን፣ የሌላው 35 ቀን ይሆንና የተጨመረው የቀን ብዛት የእንስሳት ሞት ጭማሪ መስሎ ይነበባል።

ቦታ በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንደኛው አስጋሪዎች ቦታውን የሚጠሩበት ስም ነው፤ ስሙ በሀዲይኛ፣ በከምባትኛ፣ በወላይትኛ ወይም በጋሞኛ እንደተባለ ሳይተረጎም ይጻፍ፣ ምክንያቱም ነገ ወደዚያው ቦታ ታዛቢውን የሚመልሰው ሰው የሚያውቀው በዚያ ስም ነው። ሁለተኛው ስልኩ የሚሰጠው የቦታ ቁጥር ነው። በቁጥሩ ሰሜንና ምሥራቅ እንዳይቀያየሩ መጠንቀቅ ያሻል። ሆሳዕና የምትገኘው በ7.55 ዲግሪ ሰሜንና በ37.85 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ቢለዋወጡ ነጥቡ ከአልጄሪያ ጠረፍ በስተሰሜን ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያርፋል። በመካከለኛውና በደቡብ ኢትዮጵያ ሐይቆች የሰሜኑ ቁጥር ሁልጊዜ ከምሥራቁ በእጅጉ እንደሚያንስ ማስታወስ ለማረሚያ ይበቃል።

መረቡ ሲወጣ

መረቡ መሳብ ሲጀምር ታዛቢው ዓይኑን ከመረቡ ላይ አያንሣ፤ የሚጽፈው በኋላ ነው። እንስሳ ከታየ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ እንስሳው በታየበት ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ ይያዝ። የሥራው እምብርት የሚገኘው እዚህ ነው፦ የእንስሳው ሁኔታ የሚመዘገበው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ መጀመሪያ ሲታይ፣ ሌላ ጊዜ ሲለቀቅ ወይም ታዛቢው ሲለየው። በፓስፊክ የሚሠራበት ቅጽ ሁኔታውን በምልክት ሲከፋፍለው፣ በአማርኛ ቅጽ ላይ በቃል መጻፉ ይበልጥ ይመረጣል፦ ሕያውና ጤነኛ፤ ሕያው ግን የቆሰለ ወይም የተጨነቀ፤ ሕያው ግን የመትረፍ ተስፋው የመነመነ፤ የሞተ፤ ያልታወቀ። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲነበቡ ከጉዳቱ የትኛው መረቡ ያደረሰው፣ የትኛው በማላቀቅ ጊዜ የመጣ እንደሆነ ይለያል። ጤነኛ ሆነው የታዩ ወፎች በተደጋጋሚ ቆስለው የሚለቀቁ ከሆነ የሚያስፈልገው የመረብ ለውጥ ሳይሆን የማላቀቅ ሥልጠና ነው፤ ሁኔታው አንድ ጊዜ ብቻ ቢጻፍ ይህ አይታወቅም ነበር።

ደረጃውን ለመወሰን የሚታዩ ምልክቶች አሉ። በመረብ የተያዘ ወፍ ራሱን ቀና አድርጎ ከያዘ፣ እጅ ሲቀርበው ዓይኑን ካዞረ ወይም በመንቁሩ ለመንከስ ከሞከረ፣ ሁለቱን ክንፎቹን እኩል ከሰበሰበ ጤነኛ ይባላል። አንዱ ክንፍ ከሌላው ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ፣ ክሩ ቆዳውን ቆርጦ ደም ከታየ ወይም ወፉ መንቁሩን ከፍቶ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ የቆሰለ ወይም የተጨነቀ ነው። አንገቱን መሸከም ያቃተውና ሲነካ የማይመልስ ከሆነ ተስፋው የመነመነ ነው። እዚህ ላይ ኮርሞራንት የሚባለውን፣ እየጠለቀ ዓሣ የሚይዘውን ጥቁር የውሃ ወፍ በሚመለከት ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ የዚህ ወፍ ላባ በተፈጥሮው ውሃ ስለሚይዝ ከውሃ ሲወጣ ክንፎቹን ዘርግቶ ያደርቃል፣ ይህን የማያውቅ ታዛቢ ደግሞ ክንፉ የተሰበረ ወፍ አድርጎ ይመዘግበዋል።

ሬሳ ሲወጣም ጥያቄ አለ። መረቡ የቆየው 13 ሰዓት ብቻ ሆኖ እያለ ላባው የሚነቀል፣ ቆዳው የላላና የሸተተ ወፍ ከወጣ፣ ወፉ በሌላ ቦታ ሞቶ በውሃ ተገፍቶ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ታዛቢው ይህን ወፍ ከመዝገብ አያስወጣው፤ የሬሳውን ሁኔታ ገልጾ ከንክኪው በፊት የሞተ ሊሆን እንደሚችል በአስተያየት ዓምድ ይጻፍ፤ ፍርዱን ቅጹን ለሚመረምረው ባለሙያ ይተው።

ሕያው ወፍ ሲላቀቅ ራሱ በጨርቅ ይሸፈን፣ ክንፎቹ ከአካሉ ጋር ተሰብስበው ይያዙ፣ ክሩ ይቆረጥ እንጂ አይጎተት። የአስጋሪው መረብ መቆረጡ ገንዘብ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የተቆረጠው ዓይን ብዛት በቅጹ ላይ ይሞላ፣ በኋላ ስለ ካሳ ወይም ስለ መረብ ድጋፍ ውይይት ቢነሣ ማስረጃ እንዲሆን። በባሕር ላይ ውሃ የዋጠ ኤሊ ወዲያው ወደ ባሕር አይጣልም፤ ጥላ ውስጥ እርጥብ ሆኖ እስከ 24 ሰዓት እንዲያገግም ይደረጋል። ለወፍም መርሑ ተመሳሳይ ነው፤ ላባው ርሶ የደከመ ወፍ ከሰውና ከውሻ ርቆ ደረቅ ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ ሲነሣና ሲሄድም ሰዓቱ ይጻፍ።

ጉማሬና አዞ

ለእነዚህ ሁለት እንስሳት ደንቡ የተለየ ነው፦ መዝገብ ከሰው ሕይወት አይበልጥም። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወጥቶ ከንጋት በፊት ወደ ውሃ የሚመለስ እንስሳ ነው፤ አስጋሪውም መረቡን ለማንሣት የሚወጣው በዚያው ሰዓት በመሆኑ ሁለቱ በአንድ መተላለፊያ ላይ ይገናኛሉ። ጉማሬ በታየ ጊዜ ጀልባው በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከል እንዳይቆም መጠንቀቅ ከመጻፍ ይቀድማል። ርቀትን ለመገመት ወደ እንስሳው መቅረብ አያስፈልግም፤ በመረቡ ላይ ያሉት ተንሳፋፊዎች የተራራቁበት መጠን ከመነሻው ከተለካ እነርሱን ቆጥሮ ማስላት ይቻላል። በመረብ የተጠመደ ትልቅ አዞ ካለ ታዛቢውም አስጋሪውም ለማላቀቅ አይሞክሩ፤ መረቡ ከሩቅ ተቆርጦ ይለቀቅ፣ ለወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያ ወይም ቦታው በፓርክ ክልል ውስጥ ከሆነ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይነገር።

አስቸጋሪው እንስሳው ሳይታይ ምልክቱ ብቻ ሲገኝ ነው። መረቡ ሲወጣ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ይገኛል፣ ከቀዳዳው ዳር ግማሹ የተበላ ቆሮሶ ዓሣ ተንጠልጥሏል፤ አስጋሪው አዞ ነው ይላል፣ ምናልባትም እውነቱን ነው። ታዛቢው ግን አዞ አላየም። ስለዚህ ቅጹ የመረጃ ምንጭ የሚል ዓምድ ይኑረው፤ በዚያም ከሦስት አንዱ ይሞላ፦ በታዛቢው ዓይን የታየ፣ በአስጋሪው የተነገረ፣ ከምልክት የተገመተ። የተነገረው ከታየው ያነሰ ክብር ያለው ሆኖ አይደለም፤ ዕድሜውን በውሃው ላይ የፈጀ አስጋሪ ከታዛቢው የተሻለ ያውቃል። ሦስቱ ከተቀላቀሉ ግን መልሶ የሚለያቸው የለም። የቀዳዳው ስፋት በሜትር ተለክቶ፣ ከመረቡ ጫፍ ያለው ርቀትና የውሃው ጥልቀት ተጽፎ፣ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ባለሙያው የራሱን ድምዳሜ ይድረስ።

ዝርያን መለየትና ፎቶ ማንሣት

ዝርያው ያልታወቀ እንስሳ በተገመተ ስም ከሚጻፍ በሚታወቀው ደረጃ ላይ ቢቆም ይሻላል፤ ዝርያው ያልታወቀ የውሃ ወፍ የሚለው ጽሑፍ ትክክለኛ መረጃ ሲሆን፣ በግምት የተጻፈ የክሬን ስም ግን የሐሰት ሬሳ ነው። ስሙ ካልታወቀ የመንቁሩ ቅርጽና ርዝመት፣ የእግሩ ቀለም፣ የጣቶቹ መካከል በቆዳ የተያያዘ መሆን አለመሆኑ፣ የአንገቱ ቀለም ይገለጽ። ከእያንዳንዱ እንስሳ ቢያንስ ሦስት ፎቶ ይነሣ፦ ሙሉ አካሉ ከጎን፣ ራሱ ከቅርብ፣ ክሩ ወይም መንጠቆው የያዘበት ቦታ። ማስመሪያው ከእንስሳው ጎን ተቀምጦ፣ የቅጹ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በመጀመሪያው ፎቶ ውስጥ ይግባ። የአስጋሪው ፊትና የጀልባው ምልክት በፎቶው ውስጥ አይግባ፤ ፎቶው የእንስሳውን ጉዳይ እንጂ የሰውን ጥፋት ለማሳየት የሚነሣ አይደለም።

ዜሮ የተጻፈበት ቅጽ

ምንም እንስሳ ያልተያዘበትና ያልታየበት ጉዞ ሙሉ ቅጽ ይሞላበታል፤ በንክኪ ዓምድም ዜሮ ይጻፋል። ባዶ የተተወ ዓምድ ዜሮ አይደለም፤ ታዛቢው አላየም ወይስ አልጻፈም የሚለውን ጥያቄ ክፍት ይተዋል። የዜሮው ዋጋ የሚታየው ንክኪው በጥረት ሲካፈል ነው። ለስሌት ያህል እያንዳንዳቸው 100 ሜትር የሆኑ ሦስት መረቦች ለ13 ሰዓት ከተጣሉ ጥረቱ 3,900 ሜትር-ሰዓት ይሆናል። አንድ ጀልባ እንዲህ ያለ አሥር ጉዞ አድርጎ ሁለት ወፍ ቢይዝ በ39,000 ሜትር-ሰዓት ሁለት ነው፤ በየሺህ ሜትር-ሰዓት ሲሰላ 0.05 ገደማ ይመጣል። ሌላ ጀልባ በአንድ መረብ ብቻ አምስት ጉዞ አድርጎ አንድ ወፍ ቢይዝ በ6,500 ሜትር-ሰዓት አንድ ነው፤ ስሌቱም 0.15 ገደማ ይሆናል። በቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው የመጀመሪያውን ጀልባ ይወቅሳል፤ መመርመር ያለበት ግን የሁለተኛው ጀልባ መረብና ቦታ ነው። የመጀመሪያው ጀልባ ወፍ ያልያዘባቸውን ጉዞዎች ታዛቢው ሳይጽፍ ቢቀር ኖሮ ይህ ፍርድ ይገለበጥ ነበር።

ስለ እምነት

በዚህ ሥራ ከመለኪያም ከካሜራም የሚበልጠው መሣሪያ አስጋሪው ለታዛቢው እውነቱን ለመናገር ያለው ፈቃደኝነት ነው። የሞተ ወፍ ያሳየ አስጋሪ በማግስቱ መረቡ ቢወረስበት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ውሃ ላይ የሚሞት ወፍ ሁሉ ታዛቢው ሳያየው ወደ ጥልቁ ይጣላል፤ መዝገቡም ንጹሕ መስሎ ባዶ ይሆናል። የቁጥጥር ሥልጣን የተቆጣጣሪ ነው፤ ታዛቢው ይህን ሥልጣን አይውሰድ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ሁለቱን ሥራዎች ለአንድ ሰው በአንድ ቀን አይስጥ። በጀልባው ላይ ያለው ሰው ስም ከንክኪው ቅጽ ተለይቶ በሌላ ወረቀት ይያዝ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ቁጥር ብቻ ይሁን። በዕድሜ የገፉ አስጋሪዎች በአንቱታ ይጠየቁ፤ ጥያቄውም ምን ገደሉ ሳይሆን ዛሬ መረቡ ላይ ምን ገባ የሚል ይሁን።

የታዛቢው ደኅንነትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በውቅያኖስ ላይ ሥራቸውን ሲሠሩ የተዛተባቸው፣ ከመርከብ ላይ የጠፉ ታዛቢዎች አሉ። ሐይቅ ላይ አደጋው ያን ያህል ባይሆንም፣ ታዛቢው ወደ ውሃ ሲገባ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበስ፣ ከማን ጋር እንደወጣና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለአስጋሪዎቹ ማኅበር ጸሐፊ ይንገር፤ ማስፈራሪያ ከገጠመው ጉዞውን ማቋረጥ መብቱ እንደሆነ ሥራው ሲሰጠው በጽሑፍ ይገለጽለት።

ቅጹን ማስረከብ

ቅጹ በዚያው ቀን፣ ታዛቢው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ይጠናቀቅ፤ ያደረ ትዝታ የእውነተኛውን ሰዓት ቦታ በግምት ይሞላል። ቅጹ በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በታዛቢው ዘንድ ይቅር፣ አንዱ ለወረዳው የዓሣ ሀብት ባለሙያ፣ አንዱ ለአስጋሪዎቹ ማኅበር ይሰጥ። ጥበቃ የሚደረግለት እንስሳ የሞተ ወይም የተጠመደ እንደሆነ የወሩ ድምር አይጠበቅ፤ በዱር እንስሳት ጉዳይ ኃላፊ ለሆነው ጽሕፈት ቤት በዕለቱ በስልክ ተነግሮ፣ የተነገረበት ሰዓትና የተቀበለው ሰው የሥራ ድርሻ በቅጹ ጀርባ ይጻፍ። ወሩ ሲያልቅ ታዛቢው ድምሩን ለማኅበሩ አባላት በሚናገሩት ቋንቋ ያንብብ፤ አልተስማማንም የሚሉበት ቁጥር ካለ የመጀመሪያው ቁጥር ሳይነካ የእነርሱ ቃል ከጎኑ ሰፍሮ፣ ቀኑና የተገኙት ሰዎች ብዛት ተጽፎ፣ ወረቀቱ ከዋናው መዝገብ ጋር ይታሰር።